የአሲዚው ፍራንቸስኮስ ከሞተ 800 ዓመት፦ የትኛው ታሪክ ከየት መጣ?

በ2026 የፍራንቸስካውያን መነኮሳት ማኅበር መሥራች የሆነው የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ (ፍራንሲስ የሚሉትም አሉ) ከሞተ 800 ዓመት ይሞላዋል። እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በዚህ ምክንያት ጣሊያን ውስጥ ባለችው አሲዚ ከተማ ከፌብሩዋሪ 22 እስከ ማርች 22 አጽሙ ከመቃብሩ ወጥቶ ለምእመናን እንዲታይ ተደረገ፣ የጣሊያን ፓርላማም ኦክቶበር 4ን እንደገና ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ወሰነ። ወሬው ሶሻል ሚዲያ ላይ ሲዞር ግን ብዙ ነገር ተደበላልቋል። አንዱ "አስከሬኑ 800 ዓመት ሳይበሰብስ ቆየ" ይላል፣ ሌላው "ጌታ ሆይ የሰላምህ መሣሪያ አድርገኝ" የሚለውን ጸሎት ከሥዕሉ ጋር ይለጥፋል፣ ሌላው ደግሞ በመስቀል ጦርነት መሀል ሡልጣኑን አሳመነ፣ የለም ተከራክሮ ረታው፣ የለም ጓደኛው ሆነ እያለ ይጨቃጨቃል።

ሁሉም ፈጠራ ነው ብሎ መጣልም፣ ሁሉንም እንዳለ መቀበልም ቀላል ነው፣ ሁለቱም ግን ሰውዬውን አያሳዩንም። ስለ ፍራንቸስኮስ የሚነገሩት ታሪኮች በአንድ ጊዜ አልተጻፉም፣ በ100 እና ከዚያ በላይ ዓመት ውስጥ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረቡ የመጡ ናቸው፣ እያንዳንዱ ድርብ ደግሞ የራሱ ምክንያት ነበረው። ከሁሉ በላይ አከራካሪ የነበረው ተአምሩ ሳይሆን ድህነቱ ነው፣ ይሄ ነጥብ ካልተያዘ ገድሉ ለምን እንደዛ እንደተጻፈ አይገባም።

አጽሙ ለምን ተደበቀ፣ ለምን ወጣ

መጀመሪያ አስከሬኑ አልበሰበሰም የሚለው ትክክል አይደለም። ለሕዝብ የታየው አጽም ነው፣ አጥንት ብቻ። ቤተክርስቲያኗም ሌላ ነገር አላለችም።

ፍራንቸስኮስ የሞተው ኦክቶበር 3 ቀን 1226 ማታ ነው፣ በ44 ወይም በ45 ዓመቱ። በዛን ዘመን የቅዱስ አጽም ማለት ለአንድ ከተማ በረከትም ገቢም ክብርም ነበር፣ ተሳላሚው ይጎርፋል፣ ገበያው ይደምቃል፣ ከተማው ስም ያገኛል፣ ስለዚህ አጽም መስረቅ የተለመደ ነገር ነበር። ገና ሳይሞት ታሞ ወደ አሲዚ ሲመለስ እንኳን የጎረቤትና ተቀናቃኝ ከተማ የሆነችው የፔሩጃ ሰዎች እንዳይቀሙት ተብሎ በወታደር ታጅቦ በሌላ መንገድ እንዲሄድ ተደርጓል። በ1230 አዲስ ወደተሠራለት ቤተክርስቲያን ሲዛወር ቤተክርስቲያኑን ያሠራው ወንድም ኤልያስ ከመሠዊያው ሥር በጥልቀት ቀበረው፣ ቦታውም ቀስ በቀስ ተረሳ። የተገኘው በ1818 ነው፣ ለዛውም 52 ሌሊት በድብቅ ከተቆፈረ በኋላ።

ሬሊክ የሚባለው የቅዱሳን አጽም ወይም የተጠቀሙበት ዕቃ ነው፣ በካቶሊክም በኦርቶዶክስም ወግ ይከበራል። ዘንድሮ ለሕዝብ መታየቱን የተቃወሙም ነበሩ፣ ራሱን ዝቅ ማድረግ የሕይወቱ ዋና ነገር ለነበረ ሰው አጽሙን መስታወት ውስጥ አድርጎ ማሳየት አይስማማም ብለው። የአሲዚ መነኮሳት በበኩላቸው የሚያዩት አጥንት ያለቀ ሕይወት እንደሆነ ሳይሆን ፍሬ ለማፍራት እንደሞተች የስንዴ ቅንጣት ነው የሚሉት፣ የወንጌሉን ቃል ይዘው። ሁለቱም ወገን የራሱን የፍራንቸስኮስ ሕይወት ነው የሚጠቅሰው።

ሰውዬው ማን ነበር

በ1181 ወይም በ1182 አሲዚ ተወለደ። አባቱ ፒየትሮ ዲ በርናርዶኔ ሀብታም የጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ ልጁም በወጣትነቱ ድግስ የሚወድ፣ ባላባት ፈረሰኛ መሆን የሚመኝ ልጅ ነበር። በ1202 አሲዚ ከፔሩጃ ጋር ስትዋጋ ተማርኮ አንድ ዓመት ገደማ ታሰረ፣ ከዛ ታመመ፣ ከዛ በኋላ እንደድሮው መሆን አቃተው። በ1206 አባቱ የሱቁን ገንዘብና ጨርቅ ለፈረሰ ቤተክርስቲያን ማደሻ አዋለብኝ ብሎ የአሲዚ ጳጳስ ፊት ሲከሰው ገንዘቡንም የለበሰውንም ልብስ አውልቆ መለሰለት፣ እርቃኑን ቆመ፣ ከዛሬ ጀምሮ አባቴ የሰማዩ አባት ነው አለ።

ገድሎቹ ይሄን ትዕይንት ይወዱታል፣ ሠዓሊዎችም እንደዛው። እሱ ራሱ ግን ሊሞት ሲል ባስጻፈው ኑዛዜ ላይ ስለዚህ ቀን ምንም አይልም። መለወጤ የጀመረው የሥጋ ደዌ ከያዛቸው ሰዎች ጋር ስገናኝ ነው የሚለው። በኃጢአት ሳለሁ እነሱን ማየት በጣም ይመረኝ ነበር፣ ጌታ ራሱ ወደነሱ መራኝ፣ እኔም ምሕረት አደረግኩላቸው፣ ከነሱ ስለይ ያ መራራ የነበረው ነፍሴም ሥጋዬም ላይ ጣፋጭ ሆነልኝ ይላል። በዛ ዘመን የሥጋ ደዌ በሽተኛ ከከተማ ቅጥር ውጪ የሚኖር፣ ማንም የማይጠጋው ሰው ነበር። የመለወጡን ታሪክ ከራሱ አፍ መስማት የፈለገ ሰው የሚያገኘው ይሄንን ነው፣ ስለ ፍራንቸስኮስ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ እንደዚህ አንገት የሚያስደፋ ያለ አይመስለኝም።

በ1209 አካባቢ ከጥቂት ወንድሞች ጋር ሮም ሄዶ ከሮሙ ጳጳስ (ፖፑ) ኢኖሰንት ሦስተኛ የቃል ፈቃድ አገኘ። ገንዘብ አይነኩም፣ ቤት የላቸውም፣ በእጃቸው ይሠራሉ፣ ካልበቃ ይለምናሉ። እነዚህ ጥቂት ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ በሺዎች ሆኑ፣ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል።

ገድሉ ለምን ደጋግሞ ተጻፈ

በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት ሳይኖረው እንዴት ይተዳደራል? የታመመው የት ይተኛል? ሰባኪ የሚሆነው መጽሐፍ ከየት ያገኛል? ፍራንቸስኮስ በ1220 መሪነቱን ለቀቀ፣ የማኅበሩ ደንብም ብዙ ተከልሶ በኖቬምበር 1223 በጳጳስ ሆኖሪየስ ሦስተኛ ጸደቀ። ኑዛዜው ላይ ግን አንድም ሰው ደንቡ ላይ "እንዲህ ማለት ነው" እያለ ማብራሪያ እንዳይጨምር፣ ወንድሞች ከሮም ልዩ መብት የሚሰጥ ደብዳቤ እንዳይጠይቁ ከልክሎ ነው የሞተው።

ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጁላይ 16 ቀን 1228 ጳጳስ ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ ቅድስናውን አወጀ። ካኖናይዜሽን የሚባለው ይሄ ነው፣ አንድ ሰው ቅዱስ ተብሎ በመላው ቤተክርስቲያን እንዲከበር በይፋ ማወጅ። በማግስቱ የትልቁ ባዚሊካ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። የመጀመሪያውን ገድል ወንድም ቶማስ ዘቼላኖ እንዲጽፍ ያዘዘውም ይኸው ጳጳስ ነው። ያው ጳጳስ በ1230 መነኮሳቱ ሲጠይቁት ኑዛዜው በሕግ አያስገድዳችሁም ብሎ ወሰነ። ሰውዬውን ቅዱስ ያደረገውና የመጨረሻ ቃሉን ከግዴታ ያወጣው አንድ ሰው ነው ማለት ነው፣ በሁለት ዓመት ልዩነት። ተንኮል ነው ብሎ መደምደም ግን አይቻልም፣ ጎርጎርዮስ ጳጳስ ሳይሆን ካርዲናል ኡጎሊኖ እያለ የፍራንቸስኮስ ወዳጅና የማኅበሩ ጠባቂ ነበር፣ ማኅበሩ እንዳይፈርስ የሚያስብ ሰው ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው ዘመን ጭቅጭቅ ነው። የንብረቱ ባለቤት ጳጳሱ ነው፣ መነኮሳቱ የሚጠቀሙበት ብቻ ናቸው የሚል የሕግ መፍትሔ ተገኘ፣ ግማሹ ተቀበለው፣ ግማሹ ደግሞ ይሄ ማታለል ነው አለ። እያንዳንዱ ወገን ፍራንቸስኮስን ምስክር አድርጎ ይጠራል፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ታሪክ አለው። በ1244 የማኅበሩ አለቃ ሰውዬውን የሚያውቁ ሁሉ የሚያስታውሱትን ጽፈው እንዲልኩ ጠየቀ፣ ቶማስም ከዛ ተነስቶ ሁለተኛ ገድል ጻፈ። በመጨረሻ በ1257 መሪ የሆነው ቦናቬንቱራ አንድ ትልቅ ገድል አዘጋጀ፣ በ1266 ደግሞ ፓሪስ የተሰበሰበው የማኅበሩ ጉባኤ ከዚህ በፊት የተጻፉት ገድሎች በሙሉ እንዲጠፉ ወሰነ።

ለምን ለሚለው ሁለት መልስ አለ። በ1893 የፍራንቸስኮስን የሕይወት ታሪክ ያሳተመው ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲየ እውነተኛው፣ ድሀውና አመጸኛው ፍራንቸስኮስ በቤተክርስቲያን ባለሥልጣናት ተሸፈነ የሚል ሐሳብ ነበረው፣ ይሄ ሐሳብ እስከዛሬ ብዙ ደጋፊ አለው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ዋናው ምክንያት የጸሎት ሥርዓት ነው ይላሉ፣ በየገዳሙ በበዓሉ ቀን የሚነበበው ጽሑፍ አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው፣ በዛው ዘመን ዶሚኒካውያን የሚባሉት ሌላ ማኅበር መነኮሳትም ስለ መሥራቻቸው ያሉትን ጽሑፎች ወደ አንድ አምጥተዋል ይላሉ። እንደኔ ሁለተኛው መልስ ትዕዛዙን ያስረዳል፣ የጽሑፉን ይዘት ግን አያስረዳም። ቦናቬንቱራ ጋ ያለው ፍራንቸስኮስ በብርሃን የተከበበ፣ ማንም ሊከተለው የማይችል ሰው ነው፣ ገንዘብ ባላቸው መነኮሳት ላይ የሚቆጣው ሰውዬ ደብዝዟል። የማይደረስበት ቅዱስ ይወደሳል እንጂ ማንንም አያስጨንቅም።

ትዕዛዙ በደንብ ሠርቶ ነበር፣ የቶማስ የመጀመሪያ ገድል ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1768 ነው። ከሌሎች ማኅበራት ገዳማት የተረፉ ቅጂዎች ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ነገር ጠፍቶ ይቀር ነበር። አሁንም ይገኛል፣ በ2014 ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ዣክ ዳላሩን ከማይታወቅ ትንሽ የኪስ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ የቶማስ ገድል አገኘ፣ መጽሐፉንም የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገዛው።

የድህነቱ ክርክር ደም እስከማፍሰስ ደርሷል። በ1318 አራት ፍራንቸስካውያን በዚህ ጉዳይ ማርሴይ ላይ በእሳት ተቃጠሉ፣ በ1323 ደግሞ ጳጳስ ዮሐንስ 22ኛ ክርስቶስና ሐዋርያት ምንም ንብረት አልነበራቸውም ማለት ኑፋቄ ነው ብሎ አወጀ።

ተኩላው፣ ወፎቹና እሳቱ

ጉቢዮ የምትባለውን ከተማ ያስጨነቀውን ተኩላ "ወንድም ተኩላ" ብሎ አነጋግሮ ከሕዝቡ ጋር አስታረቀው የሚለው ታሪክ ከሁሉም በላይ የታወቀው ነው። የመጣው ግን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከተሰበሰቡ ትረካዎች ነው፣ ሰውዬው ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለወፎች መስበኩ ግን ገና ከመጀመሪያው የ1228ቱ ገድል ውስጥ አለ። ሁለቱን እኩል አድርጎ "ተረት ነው" ወይም "እውነት ነው" ማለት ስለዚህ አይሆንም።

ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር የሚከተሏቸውን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይሄ ዓይነት ታሪክ እንግዳ አይደለም። በገድል ውስጥ አውሬ ሲለምድ የሚነገረው ነገር አዳም ከመውደቁ በፊት የነበረው ሰላም በዚህ ሰው ዙሪያ ተመልሷል የሚል ነው። የጉቢዮው ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፣ ተኩላው የሚያጠፋው ስለራበው ነው ተብሎ የከተማው ሰው በየቀኑ ሊመግበው ይዋዋላል፣ ለእርቁ ሁለቱም ወገን ግዴታ ይገባል። የጣሊያን ከተሞች እርስ በርስ በሚፋጁበት ዘመን ይሄን የሰማ ሰው ስለ ተኩላ ብቻ እንደሚወራ አያስብም ነበር።

ስለ ተፈጥሮ ያለው እውነተኛ ድምጹ በ1225 በኡምብሪያ አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ የደረሰው የፍጥረታት መዝሙር ነው፣ በጣሊያንኛ ከተጻፉት የመጀመሪያ ግጥሞች አንዱ። ፀሐይን ወንድም፣ ጨረቃን እህት፣ ውኃን እህት፣ እሳትን ወንድም ይላል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያነብ ሜዳ ላይ የሚዘምር ደስተኛ ሰው ይታየዋል፣ እሱ ግን የዛን ጊዜ ዓይኑ ታውሮ ሊጠፋ ደርሶ ነበር፣ የፀሐይ ብርሃን ያመው ነበር፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው የተኛው። የዓይን በሽታው ግብጽ ሄዶ የያዘው እንደሆነ ይገመታል። በኋላ ሐኪም ብረት በእሳት አግሎ ከመንጋጋው እስከ ቅንድቡ ሲተኩሰው አብረውት የነበሩት ወንድሞች ማየት አቅቷቸው ሸሹ፣ እሱ ግን ወንድሜ እሳት ሁሌም እወድሃለሁ፣ ዛሬ ራራልኝ ብሎ እንደለመነው ጓደኞቹ ጽፈዋል። ዛሬ ጆን ፖል ሁለተኛ በ1979 የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ጠባቂ ቅዱስ ስላደረገው ከአረንጓዴ ነገር ጋር ብቻ ይያያዛል፣ ልክም ነው፣ ግን መዝሙሩ ከሕመም ውስጥ የወጣ ምስጋና መሆኑ ሲረሳ ያሳዝናል።

ሡልጣኑ ጋ ምን ተደረገ

በ1219 የመስቀል ጦረኞች የግብጿን ከተማ ድምያጥን (ዳሚዬታ) ከበው ሳለ ፍራንቸስኮስ የጦር ግንባሩን አልፎ የግብጹ ሡልጣን አል ካሚል ጋ ገባ። ይሄ መሆኑ አያጠራጥርም፣ እዛው የነበረው የአክሬ ጳጳስ ዣክ ዴ ቪትሪ ወዲያው ጽፎታል፣ ለተወሰኑ ቀናት ሰበከላቸው፣ ብዙም ውጤት አላገኘም ይላል። የመጀመሪያው ገድል ሡልጣኑ አክብሮት ስጦታ ቢያቀርብለትም እንቢ አለ ይላል። እሳት አንድደህ ከካህናትህ ጋር ልግባ አለው የሚለው፣ በአሲዚ ግድግዳ ላይም የተሣለው ታሪክ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በቦናቬንቱራ የተጨመረ ነው።

ሄዶ ምን ሊያደርግ ነበር? የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ሰማዕት መሆን ፈልጎ ነው ይላሉ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የሃይማኖቶች ውይይት ጀማሪ ነው ይባላል፣ ጳጳስ ፍራንሲስም በ2019 አቡዳቢ ሄደው ከአል አዝሃሩ ታላቅ ኢማም ጋር ሰነድ ሲፈርሙ ይሄን 800ኛ ዓመት ጠቅሰዋል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የሄደው ሊያጠምቀው ነው፣ ዘመናዊ አታድርጉት ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በአንድ ነገር ትክክል ናቸው፣ ወንጌል ሊሰብክ ነው የሄደው። ግን ሲመለስ ያዘጋጀው የ1221 ደንብ ወደ ሙስሊሞች የሚሄዱ ወንድሞች መጀመሪያ ክርክርና ጭቅጭቅ እንዳያነሱ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለሰው ሁሉ እንዲገዙ፣ ክርስቲያን መሆናቸውን ብቻ እንዲናገሩ፣ ቃሉን መስበክ ደግሞ እግዚአብሔር እንደፈቀደ ሲያዩ እንዲሆን ያዛል። በ1220 ሞሮኮ ውስጥ አምስት ፍራንቸስካውያን እስልምናን በአደባባይ ነቅፈው ተገድለዋል፣ ስለዚህ ሌላ መንገድም በማኅበሩ ውስጥ ነበር። የመስቀል ጦርነት እየተሰበከ ባለበት ዘመን ያንን ዓረፍተ ነገር ደንብ ውስጥ ማስገባት ቀላል ነገር አልነበረም።

ስቲግማታ

ስቲግማታ ማለት የክርስቶስ የመሰቀል ቁስሎች በአንድ ሰው አካል ላይ መታየት ነው። በሴፕቴምበር 1224 ላ ቬርና ተራራ ላይ ሲጾም ስድስት ክንፍ ያለው ሱራፌል ታየው፣ ከዛ እጁና እግሩ ላይ ምልክቱ ወጣ ይባላል። አንዳንድ ሐኪሞች የሥጋ ደዌ ወይም የወባ ውጤት ሊሆን ይችላል የሚል ግምት ሰጥተዋል፣ በዛው በ13ኛው ክፍለ ዘመንም የሚጠራጠሩ ስለነበሩ ጳጳሳት ደጋግመው የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈውባቸዋል።

ጥሩ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው አሲዚ ውስጥ ያለ ትንሽ የብራና ቁራጭ ነው። ፍራንቸስኮስ በአንድ በኩል ለእግዚአብሔር ምስጋና በሌላ በኩል ደግሞ ለጓደኛው ለወንድም ልዮን ቡራኬ በገዛ እጁ ጽፎበታል፣ ልዮን ደግሞ በቀይ ቀለም ከጎኑ ይሄን የጻፈው ሱራፌሉን ካየና ቁስሎቹ ከታተሙበት በኋላ ነው ብሎ መስክሯል። ብራናው የመታጠፍ ምልክት አለው፣ ልዮን አጥፎ ይዞት ይዞር ስለነበር። ቁስሉ እንዴት መጣ ለሚለው ብራናው መልስ አይሰጥም፣ ግን ነገሩ ከሞተ በኋላ ተፈጠረ የሚለውን ያዳክመዋል።

"የሰላም ጸሎት" የሱ አይደለም

"የሰላምህ መሣሪያ አድርገኝ" የሚለው ጸሎት ቆንጆ ነው፣ ግን ፍራንቸስኮስ አልጻፈውም። የታወቀው የመጀመሪያ ቅጂ በ1912 ፓሪስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ካቶሊካዊ መጽሔት ላይ ያለ ጸሐፊ ስም የወጣው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰላም የተጠማ ሰው በዝቶ ነበርና በ1916 በቫቲካን ጋዜጣ ላይ ታተመ፣ ከዛ ፈረንሳይ ውስጥ ከፍራንቸስኮስ ሥዕል ጀርባ ታትሞ ሲበተን ሰው ሥዕሉን አይቶ የሱ ነው አለ። በቃ እንዲህ ነው የሆነው። ዛሬ ፖስት ላይ ሥዕልና ጽሑፍ ሲጣመር የሚሆነውም ይኸው ነው።

ልዩነቱን ለማየት ኑዛዜውን አጠገቡ ማስቀመጥ ይበቃል። የ1912ቱ ጸሎት የሥጋ ደዌ በሽተኛ፣ ገንዘብ፣ የእጅ ሥራ የሚል ነገር የለውም፣ የክርስቶስንም ስም አይጠራም። ፍራንቸስኮስ ሲጸልይ እንደዛ አይደለም።

ከኛ ጋር ያለው ነገር

የሱ ማኅበር ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ ቆይተዋል። በማርች 1716 ሊቤራቶ ቫይስ፣ ሳሙኤሌ ማርዞራቲና ሚኬሌ ፒዮ ፋዞሊ የሚባሉ ሦስት ፍራንቸስካውያን ጎንደር ላይ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ፣ ኢየሱሳውያን ያስነሱት የሃይማኖት ጦርነት ቁስል ገና ባልሻረበት ጊዜ ነው የመጡት፣ ቤተክርስቲያናቸው በ1988 ብፁዓን ብላ አውጃቸዋለች። በ1846 የተላኩት አቡነ ማስያስም የፍራንቸስካውያን አንዱ ክፍል የሆነው የካፑቺን መነኩሴ ነበሩ፣ በወንጌል ሥራቸው ብቻ ሳይሆን ለፈንጣጣ ክትባት በመስጠትም ይታወሳሉ። ዛሬም ካፑቺኖች አገራችን ውስጥ አሉ።

ከዚህ በኋላ ምን ይጠበቃል

የጣሊያኑ በዓል በ2026 እሁድ ቀን ስለሚውል ሠራተኛው በርግጥ የሚያርፍበት የመጀመሪያ ዓመት 2027 ነው የሚሆነው። በዓሉ እስከ 1977 ድረስ ነበረ፣ የሥራ ቀን ለመቆጠብ ከተሰረዙት አንዱ ሆኖ ቀርቶ ነው አሁን የተመለሰው። የደገፉት የሰላምና የአገር አንድነት ምልክት ነው ይላሉ፣ የሚጠራጠሩት ደግሞ ፖለቲከኛው ሁሉ የሚስማማውን ፍራንቸስኮስ መርጦ ይወስዳል ይላሉ። ይሄ ስጋት መሠረት አለው፣ በ1939 የጣሊያን ጠባቂ ቅዱስ ሲባልም አገሪቱ በፋሺዝም ሥር ነበረች፣ የሙሶሊኒ መንግሥትም ስሙን ለራሱ ተጠቅሞበታል።

ኦክቶበር ሲደርስ ጸሎቱም ተኩላውም እሳቱም እንደገና መዞራቸው አይቀርም። ያኔ የሚጠየቀው ጥያቄ መቼ ተጻፈ፣ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው የሚለው ነው። በራሱ እጅ የተጻፈ የቀረው ጥቂት ነው፣ በስሙ የሚታወቁት ደብዳቤዎች፣ ደንቦች፣ ጸሎቶችና ኑዛዜው ሁሉም ተደምረው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው የሚሆኑት፣ በአንድ ቀን ተነቦ ያልቃል። ፖስቶቹ ላይ የማይገኘው ያ ስለ ሥጋ ደዌ በሽተኞች የተናገረው ቃልም ያለው እዛ ውስጥ ነው፣ የኑዛዜው የመጀመሪያ መስመሮች ላይ።